ለክኒኑ እንከፍላለን፣ ለምክሩስ?

ባለፈው ዓመት እናቴ ለአራት ወር ያህል ቡና መሸጥ አቁማ ነበር። ጀበና ቡና ነው የምትሸጠው፤ እኔንም እህቴንም ያስተማረችን በዚያች ጀበና ነው። ያቆመችው ስኳር ስለተወደደ ወይም ቦታዋን ስለተነጠቀች አይደለም። «ቡና ያቁሙ፣ በርበሬ ይተዉ፣ ቅባት ይቀንሱ» ተብላ ነው። ይህን ያላት ሐኪም በር ላይ ረጅም ወረፋ ነበር፤ ከእሷ ጋር የቆየው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ኦሜፕራዞል ጻፈላትና ወጣን።

እናቴ ደግሞ ሐኪም ያላትን ቃል በቃል የምትፈጽም ሰው ናት። ቡና ካልጠጣች መሸጥም አይሆንላትም፤ አቦሉን ሳትቀምስ ለሰው አትሰጥም። ስለዚህ ረከቦቱን ጠቅልላ ቤት ገባች። አራት ወር ሙሉ አልጫ በላች። ቃሩ ግን አልተዋትም። ሌሊት ከእንቅልፏ ባንና ትቀመጣለች፣ ጉሮሮዋን ያቃጥላታል፣ ጎምዛዛ ነገር እስከ አፏ ይመጣል፣ ጠዋት ድምጿ ሻክሮ ነው የምትነሳው። ገቢዋ ቀረ፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነበር።

በኋላ የተሻላት አዲስ መድኃኒት ስላገኘች አይደለም። አንዲት ነርስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ለሩብ ሰዓት ያህል ስላነጋገረቻት ነው። ያ ሩብ ሰዓት በካርዷ ላይ አልተጻፈም፣ በደረሰኙ ላይም የለም። እኔ ዛሬ የምለው ነገር አጭር ነው፦ በዚህ ሕመም ሕክምና ውስጥ ትልቅ ሥራ የሚሠራው ክፍል ዋጋ ያላወጣንለት ክፍል ነው። ዋጋና ቦታ ስላልተሰጠው ደግሞ በሽተኛው የሚያገኘው ዕድለኛ ከሆነ ብቻ ነው።

«ጨጓራ» የምንለው ነገር

እኛ አገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ «ጨጓራ» ነው። ቁስለት ያለበትም፣ ባክቴሪያ የተገኘበትም፣ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስበትም «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። እናቴም ለሦስት ዓመት «ጨጓራ» ነበረባት። የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሳለች። ተልባ ጠጥታለች፣ አብሽ ጠጥታለች፣ ጎረቤት ያዘዘላትን ሁሉ ሞክራለች።

የእሷ ነገር ግን ሌላ ነበር። የምንበላው ምግብ ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ሆድንና ደረትን የሚለየው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻም ቧንቧው በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ከውጭ ጨመቅ አድርጎ ያን በር ያግዘዋል። በሩ ሲላላ ወይም ያለ ጊዜው ሲከፈት አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚከላከልበት ሽፋን አለው፤ የምግብ ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ ስለሌለው ይቃጠላል።

የጨጓራው የላይኛው ክፍል በድያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ሲወጣ ደግሞ ሂያታል ሄርኒያ ይባላል። ያኔ ተጋግዘው በሩን ይዘጉ የነበሩት ሁለቱ ጡንቻዎች ይለያያሉ፣ በሩም ይደክማል። አብዛኛው ሂያታል ሄርኒያ ከፍ ዝቅ የሚል ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ዕድሜ፣ የሰውነት ውፍረት፣ እርግዝና፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ በአጠቃላይ ሆድ ውስጥ ግፊት የሚጨምር ነገር ሁሉ አይስማማውም።

ከዚህ ተነስታችሁ ነገሩን አስቡት። ኦሜፕራዞል በሩን አይጠግንም፣ ወደ ደረት የወጣውንም ጨጓራ አይመልስም። አሲዱን ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን አላጣጥልም። በ1988 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ የብዙ ሰው ሌሊት ሰላም ሆኗል። ግን በሽተኛው ስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ በልቶ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚተኛ፣ ወገቡን ምን አጥብቆ እንዳሰረ ክኒኑ አያውቅም። ያን ማወቅ የሚችለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሩብ ሰዓት

ከአራት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ሄደን ኢንዶስኮፒ ታዘዘላት። ለዚህ ምርመራ ጉሮሮ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይነፋል፤ መደንዘዙ እስኪለቅ ድረስ ውሃም ምግብም አይፈቀድም፣ ትን ሊል ስለሚችል። እናቴ ጥግ ላይ ያለ አልጋ ላይ ጋደም እንዳለች ውጤቱ መጣ። ወረቀቱ ላይ ሄርኒያ የሚል ቃል አየሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባላነበው ይሻል ነበር። «ቡአ ነው? ደረቴ ውስጥ?» አለችና ዕንባዋ መጣ።

የደም ግፊቷን ልትለካ የመጣችው ነርስ ያንን አየች። መለኪያውን አስቀምጣ ወንበር ሳበች። መጀመሪያ ያደረገችው ማስረዳት ነው፤ በራሷ ጡጫና መዳፍ ጨጓራው እንዴት ሾልኮ እንደሚወጣ አሳየቻት። ቀጥላ መጠየቅ ጀመረች።

«እናቴ፣ ማታ እራት ስንት ሰዓት ይበላሉ?»

«አራት ሰዓት ግድም። ይሄ ልጅ ሲገባ ነው፤ ብቻዬን አልበላም።»

«ከበሉ በኋላስ ምን ያደርጋሉ?»

«ከዚያማ ልጄ፣ ደክሞኝ ነው የምውለው። ጋደም እላለሁ።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። «ይሄ ልጅ» እኔ ነኝ። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር አምሽቼ እገባለሁ፤ እሷ ምግቡን ሸፍና ትጠብቀኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ስገዛላት እኔን ስትጠብቅ ከምሽቱ 4 ሰዓት በልታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንደምትተኛ አንድም ቀን ከሕመሟ ጋር አላያያዝኩትም።

ሲስተሯ ቀጠለች። መድኃኒቱን መቼ እንደምትውጥ ጠየቀቻት። «ሲያመኝ፤ ከምግብ በኋላ። መድኃኒት በባዶ ሆድ ይጎዳል ብዬ» አለች። ይህ ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት ነው። ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩትን ፓምፖች ነው፤ ፓምፖቹ የሚነቁት ደግሞ ስንበላ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ ሊጠብቃቸው ይገባል። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ፣ በየቀኑ፣ ለታዘዘው ጊዜ ያህል ይወሰዳል። ሲያም ብቻ የሚዋጥ ማስታገሻ አይደለም፤ ሙሉ ሥራውን ለመሥራትም ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። ካፕሱሉም አይፈጭም፣ አይታኘክም። እናቴ ለሦስት ዓመት ብዙ ካርቶን ጨርሳ የመድኃኒቱን ሙሉ ጥቅም አግኝታ አታውቅም ማለት ነው።

ከዚያ ሲስተሯ ወገቧን አየች። እናቴ መቀነቷን አጥብቃ ነው የምታስረው። «ይሄን ሁልጊዜ ነው የሚያስሩት?» «ወገቤን ያመኛል፤ ካላሰርኩት አልቆምም።» «ለወገብዎ የሚውጡት ነገር አለ?» እናቴ ከቦርሳዋ ዳይክሎፌናክ አወጣች። እኔ መኖሩንም አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ያየናቸው ሐኪሞች ሁሉ የጠየቁት «ለጨጓራዎ ምን ወሰዱ?» ብለው ነው፤ እሷም ለጨጓራዋ የወሰደችውን ብቻ ነበር የምትናገረው። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ጨጓራን የሚጎዱ፣ ቃርንም የሚያባብሱ ናቸው። መቀነቱም ሆዷን ጨምቆ ወደ ላይ ይገፋዋል። «መቀነቱን ላላ ያድርጉት፣ በተለይ ከበሉ በኋላ። ክኒኑን ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፣ በሌላ ይቀይርልዎታል» አለቻት።

ስለ አልጋም ጠየቀቻት። እናቴ ሌሊት እንዳያቃጥላት ሦስት ትራስ ደርባ ትተኛለች። ሲስተሯ ሣቅ አለችና ትራስ ሲበዛ ሰውነት ከወገቡ ላይ እንደሚታጠፍ፣ ሆድም ይበልጥ እንደሚጨመቅ ነገረቻት። የሚሻለው የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ሁለት ብሎኬት ይበቃል፤ አልጋው እንዳይነቃነቅ ተስተካክሎ ይቀመጥ። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል፤ ጨጓራው ከቧንቧው መግቢያ ዝቅ ስለሚል አሲዱ ለመመለስ ይቸገራል።

በመጨረሻ ቡናው ተነሳ። «ሲጠጡ ነው የሚብስብዎት?» «እኔ እንጃ፤ የኔስ ሌሊት ነው። ደግሞ ከተውኩት አራት ወሬ።» «አራት ወር ትተውት ካልተሻለዎት ጥፋቱ የቡናው ብቻ አይመስለኝም። ሐኪሙን እንጠይቀው።» ጠየቀችው። በባዶ ሆድ እንዳይሆን፣ በትንሹ ጀምራ እንድታየው ፈቀደላት።

ይህ የእሷ የግል አስተያየት አልነበረም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቡናን፣ ቅመምንና የመሳሰሉትን ለሁሉም በሽተኛ በጅምላ መከልከልን አልደገፈም። የሚመከረው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቀስቃሽ ምግብ ለይቶ እሱን እንዲቀንስ ነው። በአንጻሩ ክብደት የጨመረ ሰው እንዲቀንስ፣ ሌሊት የሚያመው ሰው ደግሞ ራስጌውን ከፍ እንዲያደርግና ከመተኛቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በፊት መብላት እንዲያቆም ይመክራል። አንዱን አጠቃላይ ክልከላ ለመናገር አሥር ሰከንድ ይበቃል። የሰውየውን ቀስቃሽ ለመለየት ግን መጠየቅና ማዳመጥ አለ፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል።

ጾምም ተነስቶ ነበር። እናቴ በዐቢይ ጾም ቀኑን ሙሉ ቆይታ ማታ አንዴ ነው የምትበላው፤ ጨጓራዋ ባዶ ውሎ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ሲስተሯ «ጾም ይተዉ» አላለቻትም። ሲፈታ ትንሽ በትንሽ ከፋፍላ እንድትበላ፣ ሕመሙ ከጸና ግን የንስሐ አባቷን እንድታማክር ነገረቻት። ይህን ምክር ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

ያን ቀን እኔ «ምን ዓይነት ደግ ልጅ ናት» ብዬ ነው የወጣሁት። በኋላ ነርስ የሆነ ጓደኛዬ አስቆመኝ። «ደግነት ብቻ አይደለም፣ የተማርነው ነው» አለኝ። ነርሶች የሚማሩት አምስት ደረጃ ያለው አሠራር አለ፦ የበሽተኛውን ሁኔታ መገምገም፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መሥራት፣ ውጤቱን ማየት። የእራቱ ሰዓት፣ መቀነቱ፣ ሦስቱ ትራስ ግምገማው ነበር። ብሎኬቱ ዕቅዱ ነበር። እኔ ጨዋታ የመሰለኝ ነገር ሙያ ነው። ብዙዎቻችን ነርስ ስንል መርፌ የሚወጋና ካርድ ይዞ የሚጠራ ሰው ነው የሚታየን፤ የማናየው ሥራ ሲጎድል ደግሞ መጉደሉን አናውቀውም።

በደረሰኙ ላይ የሌለው

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ቤት ስንገባ ደረሰኞቹን አየኋቸው። የካርድ አለ። የላብራቶሪ አለ። የኢንዶስኮፒ አለ። የመድኃኒት አለ። የምክር የሚል መስመር የለም። ካርዷ ላይም ነርሷ የነገረቻት ነገር አንድም አልተጻፈም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሰው ካርዱን ሲከፍት ያ ውይይት ተደርጎ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ያልተጻፈ ሥራ በሪፖርት አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ሥራ በጀት አይያዝለትም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም ቢሆን ለጤና ተቋማት የሚከፍለው በአብዛኛው በተሰጠው አገልግሎትና መድኃኒት ልክ በሚቀርብ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ራሳችሁን በጤና ጣቢያ ኃላፊ ቦታ አስቀምጡት። አንዷን ነርስ በሽተኞች ጋር ቁጭ ብላ እንድታወራ ብትመድብ በሪፖርቱ ላይ «ምንም አልሠራችም» ነው የሚመስለው። ካርድ ብታስጠራ ግን ሥራዋ ይታያል። ኃላፊው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የምንቆጥረው ነገር ወደዚያ ስለሚገፋው ነው።

ክፍል ውስጥ ከተማርኩት የማልረሳው አንድ ሐሳብ አለ። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1966 እ.ኤ.አ. ያነሱት ነው። አንድን ለአራት ሰው የተደረሰ ሙዚቃ ለመጫወት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰው፣ ያው ጊዜ። ፋብሪካ ግን በየዓመቱ በአነስተኛ ጉልበት ብዙ ያመርታል። ስለዚህ የፋብሪካ ዕቃ እየረከሰ ሲሄድ የሰው ጊዜ የሚጠይቅ አገልግሎት በንጽጽር እየተወደደ ይሄዳል። ነርስነትና አስተማሪነት እዚህ ውስጥ ናቸው።

ኦሜፕራዞል ሲወጣ ውድ ነበር። የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ሲያበቃ ብዙ ፋብሪካ አመረተውና ረከሰ። የነርሷ ሩብ ሰዓት ግን ዛሬም ሩብ ሰዓት ነው። እጅ ያጠረው የጤና ሥርዓት ምን ያደርጋል? በንግግሩ ፈንታ ክኒኑን ይሰጣል። በአንድ ቀን ስሌት ትክክል ይመስላል። በሦስት ዓመት ስሌት ግን እናቴን ተመልከቱ፦ ያለ ሰዓቱ የተዋጠ መድኃኒት፣ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ፣ የተደጋገመ ካርድ፣ የአራት ወር ገቢ። ወጪው አልቀረም። ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ የእኛ ቤት ገባ።

«ነርስ የለም፣ ወረፋው አያልቅም፣ አንተ የምትለው ቅንጦት ነው» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ ያነሱት በምቾት አይደለም። የኑሮ ነገር እያሳሰባት ለምትሠራ ነርስ «ተጨማሪ ሩብ ሰዓት ስጪ» ብሎ በነጻ መጠየቅ ነውር ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የበጎነት ሳይሆን የአሠራርና የክፍያ ጥያቄ ነው የምለው።

ደግሞም ይህች አገር ለማስተማር ከፍላ ታውቃለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዋናው ሐሳብ ይኸው ነበር፦ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ ያስተምራሉ። ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች ተሰማሩ። ማንም «ወሬ ነው የሚያወሩት» አላለም፤ ሥራው ስም፣ ዝርዝርና መዝገብ ስለነበረው ተቆጠረ። በጊዜው ትልቁ ጉዳይ ተላላፊ በሽታና የእናቶች ጤና ነበር። አሁን ደም ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ቃሩም በየቤቱ አለ፤ እነዚህ ደግሞ ግማሽ ሕክምናቸው አኗኗር ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በየተመላላሽ ክፍሉ አንድ ወንበርና አንድ የተመደበ ነርስ፤ ሐኪሙ የጻፈውን ይዞ የወጣ በሽተኛ ወደዚያ ይሂድ። ጊዜ ካነሰ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ስምንት፣ አሥር ሰዎች አንድ ላይ ማስተማር ይቻላል፤ የግል ጥያቄ ላለው ብቻ ለብቻ። ካርዱ ላይ «ምን ተመከረ» የሚል ቦታ ይኑር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የስልክ ጥሪ ይጨመር። ለዚህ ሥራ ደግሞ ክፍያ ይያዝለት፤ ጤና መድህኑም ይወቀው።

እስከዚያው፣ ስልካችሁን አውጡ

ይህን የምታነቡት በስልካችሁ ነው፤ ምናልባትም እራት በልታችሁ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ። ቃር የእናቶቻችን ብቻ አይደለም። ማታ አምስት ሰዓት ላይ በልቶ ስልክ ይዞ መጋደም የእኛ ትውልድ ልማድ ነው። ሲጋራና አልኮልም በሩን ያላሉታል።

ለራሳችሁም ሆነ ለእናት አባታችሁ ለአንድ ሳምንት ይህን መዝግቡ፦ ምን ሰዓት ተበላ፣ ምን ሰዓት ተተኛ፣ ምን ሰዓት አመመ፣ ያን ቀን ምን ተበላ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ የወገብ፣ የራስ ምታት፣ የደም ግፊት፣ አንዱም ሳይቀር። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ቃር ሊያመጡ ይችላሉ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፣ ለባለሙያው አሳዩት። ከቁርስ በፊት ለሚወሰደው መድኃኒት አላርም ሙሉ። ነርሷ ስትመክር አስፈቅዳችሁ ድምጿን ቅዱ፤ ቤት ገብታችሁ ለእናታችሁ ደግማችሁ ታሰሟታላችሁ። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቆም አሲዱ ለጊዜው ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል፤ አቋቋሙንም ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ «ጨጓራን ከሥሩ የሚነቅል» ብሎ የሚሸጥላችሁን እለፉት።

ስልክም ብሎኬትም የማይበቃበት ጊዜ አለ። ምግብ ሲወርድ የሚያንቅ ወይም የሚያም ከሆነ፣ ሳይፈለግ ክብደት ከቀነሰ፣ ደም ካስመለሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ማስመለሱ ካላቆመ ወይም ደም ማነስ ከተገኘ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ መቆየት አይገባም። በአርሲና በባሌ አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ። ያ ካንሰር በአብዛኛው ከቃር የሚመጣው ዓይነት አይደለም፤ ምልክቱ ግን ምግብ አልወርድ ማለት ነው፣ «ጨጓራ» በሚለው ስም ስር ሊደበቅ ይችላል። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ ያለበት ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሂያታል ሄርኒያ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ድንገት ከባድ የደረት ወይም የሆድ ሕመም ይዞት፣ እያቅለሸለሸው ማስመለስ ካቃተውም እንዲሁ።

እናቴ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ድናለች አልላችሁም። ሄርኒያው አለ። መድኃኒቱን ከቁርስ በፊት ትወስዳለች፣ አንዳንዴም ትረሳለች። አንዳንድ ሌሊት ይነሳባታል። ግን በአብዛኛው ሌሊቱን ትተኛለች። ራስጌዋ ስር ሁለት ብሎኬት አለ። ረከቦቱም ወጥቷል፤ አቦሉን ትቀምሳለች፣ ከቁርስ በኋላ። እራታችን አንድ ሰዓት ላይ ሆኗል። እኔም ቀደም ብዬ እገባለሁ፤ ካመሸሁም ደውዬ «አትጠብቂኝ፣ ብይ» እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ተቀይማኝ ነበር።

ያችን ነርስ በኋላ ላመሰግናት ሄጄ ነበር። ካርድ ክፍል ተመድባለች፤ ስም እየጠራች ነበር ያገኘኋት። ፊቷ የቆመው ሰልፍ ውስጥ ስንቱ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት በልቶ እንደሚተኛ፣ ስንቱ መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ እንደሚውጥ፣ ስንቷ እናት መቀነቷን አጥብቃ እንዳሰረች እያሰብኩ ወጣሁ። እሷ ብትጠይቃቸው ታውቀው ነበር። እንድትጠይቃቸው የመደባት ግን የለም።